ራቤል ላይ አልወለድ ያለው ቁልፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሐል ሜዳ ከተማ ያለው የጤና መሥሪያ ቤታችን ሰብሰብ ብሎ ሸኘኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ አስቆረሱኝ፣ የምስጋና ወረቀት በፍሬም አድርገው ሰጡኝ። ደግ አደረጉ። ነገር ግን መድረኩን የሚመራው ሰውዬ ተነሥቶ "ወይዘሮ አሰለፈች ለብዙ ዓመታት ኮምፒውተሮቻችንን ሲጠግኑ የኖሩ እናታችን ናቸው" ሲል ጨጓራዬ ተላጠ። መጠገን? እኔ የሰው ምስጢር ስጠብቅ ነው የኖርኩት! ዳቦውን ጎርሼ ስለነበር መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። አሁን አፌ ባዶ ነው፣ ጊዜም ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ግን ሬዲዮ ክፍል ሰው ጎደለና "አሰለፈች ድምፅ አላት" ተባልኩ። እውነት ነው፣ ድምፅ አለኝ። እናቴ ከማዶ ስትጠራኝ ከእሷ በላይ ጮኼ የምመልስ ልጅ ነበርኩ። የዝውውር ደብዳቤው ሦስት ማኅተም ነበረበት፣ ደሞዙ ላይ ግን አንድም ነገር አልተጨመረም። ስለ ወረቀትና ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አላወራም፤ የመንግሥት ሥራ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ በመንዝና በግሼ ካሉት ጤና ጣቢያዎች አብዛኞቹ ስልክ አልነበራቸውም። የመድኃኒቱ ጥያቄ፣ የክትባቱ ዘገባ፣ ደብረ ብርሃን ሄዶ የተመረመረው የአክታ ውጤት፣ ሁሉም የሚያልፈው በእኛ ሬዲዮ ነበር። ክፍሉን የያዙት ጋሽ ሸዋቀና ይባላሉ። ቀጠን ረዘም ያሉ የመርሐ ቤቴ ሰው፣ ወታደር ቤት በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ያረጁ ናቸው። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሬዲዮውን የሸፈነውን ጥልፍ ጨርቅ አንሥተው፣ አራት ላይ አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያኖራሉ። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ። መልእክቱን ወረቀት ላይ ሳይጽፉ፣ የጻፉትንም ሦስት ጊዜ ሳያነቡ አፋቸውን አይከፍቱም።

ተናግረው ሲጨርሱና መልስ ሲጠብቁ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። የእኔ እጅ ግን አያርፍም፤ ማስተካከያውን አሽከረክራለሁ፣ ገመዱን እጠመዝዛለሁ። ይህን ሲያዩ በእርሳሳቸው ጣቴን ኳ! ያደርጉኛል።

"እጅ ከጉልበት!" ይላሉ። "መሣሪያ ሥራ ላይ ሲሆን አይነካም። እጅሽ ሥራ ከፈታ እንዝርት ይዘሽ ነይ።"

"እንዝርት ይዤ ብመጣ ደግሞ የሬዲዮውን ገመድ ፈተለችው ይሉኛል፣ ጋሽዬ።"

"አይ አንቺ! ምላስሽንም ከጉልበትሽ ላይ ባደረግሽልኝ" ይሉና ይስቃሉ።

የማይስቁበት ሕግም ነበራቸው፤ የበሽተኛ ስም በአየር ላይ አይወጣም። የሚነገረው የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን የሚያውቀው እዚያ ማዶ መዝገቡን የያዘው ሰው ነው። እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ወግ ቆጥሬው ነበር፤ በሆዴ "ማን ይሰማናል ብለው ነው?" እል ነበር።

አንድ ጊዜ ጋሽ ሸዋቀና የእህታቸው ተዝካር ደርሶ መርሐ ቤቴ ሄዱ። ብቻዬን ሆንኩ። ከቀየት አለፍ ብላ ላለች አንዲት ጤና ጣቢያ የአክታ ውጤት በወረቀት መጣ፤ ስምና ሥራ ሳይቀር ተጽፎበታል። የጤና ጣቢያዋን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም አልጠራም። ቁጥሩን ተናገርኩ፤ ማዶ ያለው ሰው "አልሰማሁም፣ ድገሚ" አለ። ደገምኩ። "አልሰማሁም፣ ድገሚ።" ሬዲዮው እንደ ምጣድ ላይ ገብስ ይንጣጣል። አምስት ጊዜ ደገምኩ። በስድስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና ያን ድምፄን አውጥቼ ስሟን ከነአባቷ፣ በሽታዋን ከነስሙ ጮኼ ተናገርኩ። "አስተማሪዋ" ብዬም ጨመርኩበት፣ እንዳይሳሳት ብዬ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ማዶ ያለው ሬዲዮ መስኮት አጠገብ ነው፤ መስኮቱ ሥር ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። እሷ ራሷ ውጤቷን የሰማችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያልሰማ ሰው አልነበረም። የሳንባ በሽታ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል። ግን አከራይዋ ዕቃዋን አወጣችባት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሏ አስቀሩ፣ ሽማግሌ ልኮባት የነበረው ቤተሰብም ዝም ብሎ ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት መሐል ሜዳ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

"ድምፅሽን ነበር የማውቀው" አለችኝ። "መልክሽን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ቁጥሩ አልሰማ ብሎ..." አልኩ።

"በሽታውን መድኃኒት ያድነዋል ብለውኛል። አንቺ የተናገርሽውን ከሰው ጆሮ ማን ያወጣልኛል?"

ተዛውራ ወደ ሌላ አገር እንደ ሄደች ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አላገኘሁም። ጋሽ ሸዋቀና ሲመለሱ ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። ወንበሩን ሳብ አድርገው አስቀመጡኝና "ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ መናገር እንዳይመስልሽ። ሥራሽ መሸሸግ ነው፤ የምትናገሪው ሲያስፈልግ ብቻ ነው" አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ነፍሳቸውን ይማረው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡና ክፍሉን እኔ ያዝኩት።

ሬዲዮው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ አዲስ ነገር አልፈራሁም። የፈራሁት ወሬውን ነው። ሬዲዮ የሚያወራው መስኮት ሥር ላለ ሰው ነው፤ መስመር ላይ የወጣ ወረቀት ግን ማን እንደሚያየው አይታወቅም። በዚያ ላይ የመጡልን ማሽኖች በቫይረስ የተበሉ ነበሩ። አንድ ፍላሽ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር እንደ ጉንፋን ሁሉንም ያዳርሳል። ደብረ ብርሃን ሥልጠና ሄጄ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነጻ የሚሰጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተሩን የሚነዳ ዋና ፕሮግራም፣ በአንድ ሲዲ አገኘሁ። ወደ መሐል ሜዳ ይዤው ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዤ ነበር። ተማርኩት፣ ሰበርኩት፣ እንደገና ጫንኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ በጤና ጣቢያዎቻችን ሁሉ እሱ ገባ፤ ውጤቱም በምስጠራ፣ መክፈቻ ለሌለው ሰው በማይነበብ ጽሑፍ፣ ተቆልፎ መላክ ጀመረ።

ሰዎች "ኮዱን ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር እንዴት ምስጢር ይጠብቃል?" ይሉኛል። እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ፦ የቁልፍ ጋኑን አሠራር አገር ሁሉ ይየው፤ እንዲያውም ባየው ቁጥር ጉድለቱን ይነግረናል። መክፈቻው፣ ቁልፍ የምንለው ረጅም የምስጢር ቁጥር፣ ግን ያንተ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ለጤና ጣቢያ መዝገብ ያዦች ሁሉ መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ነገር የጋሽ ሸዋቀናን ሕግ ነው። ማሽኑ ቀስ ሲል ያገኙትን ሁሉ ይጫኑ ነበር፣ ሶኬት የሚነቅልም ነበር። "እጅ ከጉልበት!" አልኩ። በእርሳስ ባልመታም በዓይኔ መታሁ። ገባቸው። ከቀየት እስከ ራቤል ማሽን ሥራ ከጀመረ ሰው እንደ ቅዳሴ ቀጥ ብሎ መጠበቅ ለመደ። እኔ ራሴ ግን፣ አልዋሽም፣ ጋሽ ሸዋቀና ከሄዱ ወዲህ እጄ ወደ ድሮው ጠባዩ ተመልሶ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነገር መጣ። ምስጠራውን የሚሠራው ላይብረሪ ቀዳዳ ተገኘበት ተባለ። ላይብረሪ ስላችሁ መጽሐፍ የሚደረደርበት ቤት አይደለም፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ መቆለፍና መክፈት ሲፈልጉ የሚጠሩት የኮድ ክምችት ነው። እሱ ቀዳዳ ካለው የሁሉም ምስጢር ያፈሳል። ሠሪዎቹ በውጭ አገር የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወዲያው አዲስ እትም አወጡና "በየቦታችሁ ሞክሩት፣ ያያችሁትን ንገሩን" አሉ።

የዞኑ ኃላፊያችን አቶ ግዛቸው ደግሞ ስልክ ደወሉ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ቀልጣፋ፣ ግን ቶሎ የሚሰለቹ ሰው ናቸው።

"ወይዘሮ አሰለፈች፣ እስከ መጪው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሐሙስ እኔ ራሴ ወደ ራቤል እሄዳለሁ። አዲሱ ነገር እዚያ ከሠራ ይቀጥላል፤ ካልሠራ መስመሩን እዘጋለሁ፣ ውጤቱ በወረቀት ይሂድ።"

"በማን እጅ ይሂድ?"

"በሚኒባስ ነዋ። ሹፌሮቹ ታማኞች ናቸው።"

ሹፌሮቹ ታማኞች ናቸው፣ አልጠላቸውም። ግን ወረቀቱ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ራቤል እስኪደርስ የስንት ሰው እጅ ይነካዋል? ያቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች አስተማሪ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። "ይሠራል" አልኩ። ይሥራ አይሥራ ገና አላውቅም ነበር።

አርብና ቅዳሜን ስሞክር ዋልኩ። ለሙከራ የሰው ስም አልጠቀምም፤ የበግ መልክ ነው የምጽፈው። "ታካሚ ዳልቻ፣ ታካሚ ገብስማ፣ ታካሚ ጉራቻ" እያልኩ የሐሰት ውጤት እልካለሁ። አንዷን ፊደል አበላሽቼ ላክሁ፤ አዲሱ ላይብረሪ አልቀበልም አለ፣ ጎሽ! በሌላ ሰው ቁልፍ ልከፍት ሞከርኩ፤ አልተከፈተም። የቁልፉን ባለቤት የሚመሰክር፣ ግን ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር የምስክር ወረቀት ሰጠሁት፤ መልሶ ወረወረልኝ። በመላክ መሐል ሶኬቱን መዥረጥ አድርጌ ነቀልኩ፤ ሲነሣ ግማሽ ነገር አላስቀረም። በአሮጌው እትም ቀዳዳ የሚሾልክ የማታለያ ኮድ አለ፣ ሠሪዎቹ ከእትሙ ጋር የላኩት። እሱንም አስነሣሁበት፤ ንቅንቅ አላለም። አዲስ ቁልፍ እንዲሠራ አዘዝኩት፤ እኔ በዚያው ኪቦርድ ሪፖርቴን እየጻፍኩ እያለ ቁልፉን ሠርቶ ሰጠኝ። ደግሜ ደጋግሜ አሠራሁት፤ አንዴም አላስቸገረም። ደረቴን ነፍቼ "አልፏል" ብዬ ለአቶ ግዛቸው ጻፍኩ።

ችኮላዬ! ሬዲዮው ላይ የገደለኝ ያው ችኮላዬ!

ሰኞ ጠዋት ራቤል አካባቢ ያለው ጤና ጣቢያ አዲሱን እትም ጫነ። የአሮጌው ቁልፍ ምስጢር አፈትልኮ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የራሱን አዲስ ቁልፍ በራሱ ማሽን መሥራት አለበት። መዝገብ ያዡ አቶ ደምሴ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ የተባሉትን ሳያዛንፉ የሚፈጽሙ፣ በድቁና ያደጉ ሰው። ሦስት ሰዓት ላይ ትእዛዙን ሰጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

"እትዬ አሰለፈች፣ ማሽኑ እያሰበ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠዋት ጀምሮ።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። እኔም ምንም አላልኩትም።"

"አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ" አልኩ። ሞከሩ። ያው ዝምታ። ማክሰኞ ጠዋት በሥራ መኪና ወደ ራቤል ወጣሁ። ጉሙ ከመንገዱ አልነሣ ብሎ ሹፌሩ በእግር ፍጥነት ነበር የሚነዳው። እኔ ደግሞ በሆዴ አቶ ግዛቸውን፣ ላይብረሪውን፣ ራሴንም ተራ በተራ ስራገም ነበር።

ስደርስ አቶ ደምሴ ከማሽኑ ፊት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አከበሩኝ፣ ወንበሩን ለቀቁልኝ። ምን እየሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ኪቦርዱን መታ መታ አደረግሁ፣ አንድ ሁለት መስኮት ከፈትኩ። ቁልፉ ተሠርቶ አለቀ! እዚያው! ገና ምንም ሳላደርግ!

"እንዴ! ምን አደረጉት?" አሉ አቶ ደምሴ።

"ምንም። እኔን ፈርቶ ነው" ብዬ ቀለድኩ እንጂ ቀልድ አልነበረም። ሐሙስ አቶ ግዛቸው ሲመጡ "አሰለፈች ካላየችው አይሠራም" ልላቸው ነው? ቁልፉን ሰረዝኩና "እርስዎ ይድገሙት" አልኩ። አቶ ደምሴ ትእዛዙን ሰጥተው እጃቸውን መለሱ። እኔም በአክብሮት አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ በሰው ቢሮ ደግሞ ጨዋ ነኝ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። ምንም! ማሽኑ አርጅቷል? ኮዱ ተሳስቷል? መቶ ነገር አሰብኩ፤ መቶውም አልሆነም።

በመጨረሻ አቶ ደምሴ ጭንቀቴን አይተው ይሁን ወይም ሥራ መፍታቱ ከብዷቸው፣ ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡና ጠረጴዛውን መጥረግ ያዙ። ኪቦርዱን አልነኩም፤ ማውሱን ግን አንሥተው ሥሩን ጠረጉ፣ መለሱት፣ ደግሞ ወደ ጎን አድርገው ሌላውን ጠረጉ። ዓይኔን ስመልስ ቁልፉ ተሠርቷል።

"አቶ ደምሴ!" ብዬ ጮኽኩ። የድሮው ድምፄ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። "እጅዎን አያንቀሳቅሱ! ምንድን ነው አሁን የነኩት?"

"አቧራ ነው፣ እትዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ላይ መሆኑን ዘንግቼ..."

"ይቅርታ? ልሳምዎት እንጂ!" ብዬ ግንባራቸውን ሳምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ጥሩ የሚሆነው ማንም ሊገምተው ከማይችል ነገር ሲሠራ ነው። ኮምፒውተር በራሱ የማይገመት ነገር የለውም፤ ሁሉንም በሥርዓት ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ከሰው ይወስዳል፤ ጣት ኪቦርዱን መቼ እንደ መታ፣ ማውሱ ወዴት እንደ ተወላገደ ይለቅማል። አሮጌው እትም በቂ ካላገኘ ከሰዓቱ ቆንጥሮ የማይረባ ቁልፍ ሠርቶ ዝም ይል ነበር። አዲሱ ግን ሐቀኛ ነው፤ ካልሞላልኝ አልሠራም ብሎ ይጠብቃል። እኔ መሐል ሜዳ ላይ ሪፖርት እየጻፍኩ እጄ ሲቅበጠበጥ አጠገብኩት። ራቤል ላይ ደግሞ ሕጌን የሚያከብሩ ሰው አስርበውት ዋሉ። ማሽኑ ሰው ይንካኝ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰው ማሽኑን አልነካም ብሎ ይጠብቃል! ያን ሕግ አገር ለአገር ዞሬ ያስተማርኩት ደግሞ እኔው። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ ሳቁ በረታ።

ግምቴን ግምት ብቻ አድርጌ አልተውኩትም። እጅ ከጉልበት፣ ግማሽ ሰዓት፤ ምንም። ማውሱን ማወዛወዝ፤ ተሠራ። እንደገና እጅ ከጉልበት፤ ምንም። ኪቦርዱን መታ መታ፤ ተሠራ። አቶ ደምሴ ሰዓት ያዙ፣ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ላክሁ። "ላይብረሪያችሁ መጠበቁ ልክ ነው። ግን ምን እንደሚጠብቅ ለሰው አይናገርም። አንድ መስመር ጨምሩለት።"

ረቡዕ መልስ መጣ። አንዱ "ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ምንም ሳይነካ ይውላል? አይመስለኝም" ብሎ ጽፏል። ደሜ ፈላ። "እኛ ጋ ይውላል፤ ሥራ ላይ ያለን ነገር ማክበር ነው" ብዬ የሙከራዬን ሰዓት አንድ በአንድ ዘርዝሬ መለስኩለት። ወዲያው ሌላዋ፣ ኃላፊያቸው መሰለችኝ፣ "እሷ ልክ ነች፤ ይህን ከመካከላችን ማንም አላየውም" አለች። ቀኑ ሳያልቅ የታረመ እትም ላኩልኝ። አሁን ቁልፍ ሲሠራ "እባክዎ ኪቦርዱን ይምቱ ወይም ማውሱን ያንቀሳቅሱ" የሚል መልእክት ይወጣል። አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ባገዙ ሰዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ስሜ ገብቷል፣ ከነስሕተቱ፤ "አሰለፍች" ብለውታል። ይሁን፣ አልቀየማቸውም።

ሐሙስ አቶ ግዛቸው መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው "እስቲ እንየው" አሉ። የመዝጊያ ደብዳቤው ተፈርሞ በእጃቸው ባለው ማኅደር ውስጥ እንደ ነበር በኋላ ሹፌራቸው ነገረኝ።

አቶ ደምሴ ትእዛዙን ሰጡ። መልእክቱ ወጣ። እሳቸውም ማውሱን እንደ እንግዳ ልጅ በጥንቃቄ ይዘው ወዲህና ወዲያ አደረጉት። ቁልፉ ተሠራ። ከደብረ ብርሃን ታካሚ ዳልቻን አስላክሁ፤ ደረሰ፣ ተከፈተ። ሌላ ሰው በራሱ ቁልፍ እንዲከፍተው አደረግሁ፤ አልተከፈተም። አቶ ግዛቸው ራሳቸው ተቀምጠው ሞከሩ። አልተከፈተላቸውም።

"እኔ የዞኑ ኃላፊ ሆኜ?" አሉ።

"እርስዎ የዞኑ ኃላፊ ሆነው" አልኳቸው። በክፍሉ ያለው ሰው ሳቁን ዋጠ።

ኮታቸውን አወለቁ። "በሉ እንግዲህ፣ እውነተኛ ውጤት ካለ ይላክ" አሉ።

ውጤት ነበረ። ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ውስጥ ከሰኞ ጀምሮ መስመሩ እስኪከፈት የሚጠብቅ አንድ ውጤት ነበረ። የማን እንደሆነ፣ የምን ምርመራ እንደሆነ አልተነገረኝም። ደረሰ የሚል ምልክት ብቻ ማሽኑ ላይ ብቅ አለ። አቶ ደምሴ ነርሷን ሲስተር እታፈራሁን ጠሩ። እሷም ገባች፣ ሁላችንንም "እባካችሁ" ብላ አስወጣች፣ አቶ ግዛቸውንም ጭምር፣ በሩንም ዘጋች።

ውጭ በረንዳው ላይ ወደ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተራ ይጠብቃል። ወንዱ ጋቢውን ተከናንቧል፣ ሴቱ ልጅ አዝሏል፤ ገሚሱ ያወራል፣ ገሚሱ ዝም ብሏል። ሲስተር ወጣች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሰዎቹን እንደ ወትሮው አንድ በአንድ እያስገባች ማነጋገር ጀመረች። የገባ ይወጣል፣ የወጣ "ደህና ዋሉ" ብሎን ያልፋል። ማናቸው ውጤቱን እንደሰሙ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ።

አቶ ግዛቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ወይዘሮ አሰለፈች፣ ለመሆኑ ምን ይላል ውጤቱ? የማን ነው?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አያውቁም? ሥርዓቱን የሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ስለሠራሁት ነዋ!" አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

ማኅደራቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ፣ ለሁለት ቀደዱት፣ ኪሳቸውም ውስጥ ከተቱት። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በመጨረሻ የወጡት አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉና "ምነው ልጄ፣ ብርዱ ላይ ቆመሻል፤ የምትጠብቂው ሰው አለ?" አሉኝ። "የለም እማማ፣ ጨርሻለሁ" አልኳቸው። ወደ ገበያው መንገድ ወረዱ፣ ሕዝቡ መሐል ገቡ፣ ያያቸው ሁሉ እንደ ወትሮው እጅ እየነሣ ሰላም አላቸው።